ቀበቶ ያለው ቀለህ ለምን በ4ኛው ሙሌት ይቆረጣል? የከባድ ጠመንጃ ጥይትን በእጅ ስለ መሙላት

#1 ጋሽ_ነሐስ

ስለ 375 ኤች ኤንድ ኤች እና ስለ 300 ዊንቸስተር ማግነም ደጋግሞ የሚነሳ ቅሬታ አለ። ቀለሁ፣ ማለትም ባሩዱን የሚይዘው የነሐስ ቀፎ፣ 3 ወይም 4 ጊዜ ከተሞላ በኋላ ግርጌው ላይ ካለው ወፍራም ቀለበት፣ ከቀበቶው፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ይሰነጠቃል። አንዳንዴ ጭራሽ ግርጌው ብቻ ይወጣና ገላው ቻምበር (ጥይቱ የሚጎርስበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል) ውስጥ ይቀራል። ብዙ ሰው ባሩዱን ይወቅሳል። በአብዛኛው ግን ጥፋቱ የዳዩ፣ ማለትም የተተኮሰን ቀለህ ጨብጦ ወደ ልኩ የሚመልሰው መሣሪያ፣ አቀማመጥ ነው።

375 በ1912 ሲወጣ ትከሻው (ገላው ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ) 15 ዲግሪ ብቻ የሆነ ለስላሳ ተዳፋት ነበር። እንዲህ ባለ ትከሻ ጥይቱን ቻምበር ውስጥ አስደግፎ ማቆም ስለማያስተማምን ግርጌው ላይ ቀበቶ ተደረገለት፤ ጥይቱ ከልክ በላይ ወደፊት እንዳይገባ የሚይዘው እሱ ነው። ፋብሪካዎች ታዲያ ቀበቶውን በጥብቅ ይለካሉ፣ ለትከሻው ግን ሰፋ ያለ ክፍተት ይተዋሉ። አዲስ ቀለህ መጀመሪያ ሲተኮስ ትከሻው እስከ ግማሽ ሚሊሜትር ድረስ ወደፊት ሊነፋ ይችላል።

ያ ነሐስ ከየት መጣ? ባሩዱ ሲቃጠል የቀለሁ ስስ የፊት ግድግዳ ቻምበሩ ላይ ተጣብቆ ይቆማል። ወፍራሙ ግርጌ ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ መቀርቀሪያው ላይ ይደገፋል። በሁለቱ መካከል፣ ከቀበቶው በላይ ጥቂት ሚሊሜትር ላይ ያለው ግድግዳ ይሳባል፤ ሲሳብም ይሳሳል።

አንድ ጊዜ ቢሆን ባልከፋ። ከዳዩ ጋር የሚመጣው ወረቀት ግን "ሼል ሆልደሩን (የቀለሁን ግርጌ የሚይዘውን) እስኪነካ አውርድ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ጨምር" ይላል። የዳይ ጥርስ በአንድ ኢንች 14 ነውና ሙሉ ዙር 1.81 ሚ.ሜ ነው፤ ሩብ ዙር 0.45 ሚ.ሜ። በዚህ ሳቢያ ትከሻውን ከልክ በላይ ወደ ኋላ ገፋችሁት ማለት የመጀመሪያውን መሳብ በየተኩሱ እንደገና ትጠሩታላችሁ ማለት ነው። በ4ኛው ቢቆረጥ ምን ይደንቃል?

መፍትሔው ቀለሁ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ቀበቶውን መርሳትና መጠኑን በትከሻው መያዝ ነው። ለዒላማ ጠመንጃ ትከሻውን 0.05 ሚ.ሜ ብቻ ወደ ኋላ መግፋት ይበቃል። ለአደን 0.08 እስከ 0.10 ሚ.ሜ፤ አቧራ ቢገባም መቀርቀሪያው ያለ ግፊት መዘጋት አለበትና። ዳዩን ስታወርዱ በ1/32 ዙር ሂዱ፤ 0.06 ሚ.ሜ ገደማ ነው።

ከመሙላታችሁ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ ከውስጥ ፈትሹ። የቀጭን ሽቦ ጫፍ በ90 ዲግሪ አጥፋችሁ ሞርዱት፤ ከዚያ በአንገቱ አስገብታችሁ ከግርጌው ወደ ላይ ግድግዳውን እያሻሻችሁ ሳቡት። ጫፉ ጎድጎድ ያለ ነገር ላይ ከተያዘ ቀለሁ አብቅቷል፣ በፒንሳ ጨፍልቃችሁ ጣሉት። ከውጭ ብቻ የሚታይ የሚያብረቀርቅ መስመር የዳዩ አፍ የተወው ሊሆን ይችላል፤ የሚፈርደው ሽቦው ነው።

#2 ጀማሪ_አልሚ

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። አንደኛ፣ ትከሻን የሚለካው ልዩ መለኪያ ከሌለ 0.05 ሚ.ሜ በምን ይታወቃል? ሁለተኛ፣ በትከሻው ተስተካክሎም ከ3ኛው ተኩስ በኋላ መቀርቀሪያው ሊዘጋ ሲል ይከብዳል። ትከሻው ልክ ነው፣ ርዝመቱም ልክ ነው። ምን ቀረ?

#3 መቀርቀሪያ_416

ጋሼ እስኪመለሱ እኔ ልመልስ።

ለመጀመሪያው ከሁሉ የተሻለው መለኪያ ራሱ ጠመንጃው ነው። መቀርቀሪያውን አውጥተህ መቺ መርፌውን ከነጥቅሉ ፍታ። ቀለህ አውጪውን የሚገፋው ስፕሪንግ መቀርቀሪያው ራስ ላይ ከሆነ እሱንም አውጣ፤ ካላወጣኸው እጅህ የሚሰማው የስፕሪንጉን ግፊት እንጂ የትከሻውን አይደለም። ባዶው መቀርቀሪያ ያለ ቀለህ እጀታው በራሱ ክብደት ይወድቃል። አሁን 2 ወይም 3 ጊዜ የተተኮሰ፣ ከመጨረሻው ተኩስ ወዲህ ዳይ ያልነካው ቀለህ አስገባ። እጀታው መሃል ላይ ይቆማል። ዳዩን በ1/32 ዙር እያወረድክ፣ በየጊዜው ቅባቱን ጠርገህ ሞክር። እጀታው መጀመሪያ ሲከብድ፣ ቀጥሎ ቀለል ሲል፣ በመጨረሻ በራሱ ሲወድቅ ታገኘዋለህ። በራሱ የወደቀበት የመጀመሪያው ነጥብ ለዒላማ የምትፈልገው ነው፤ ለአደን ከዚያ 1/32 ጨምር። የዳዩን መቆለፊያ ቀለበት እዚያው አጥብቅ።

አንድ ጊዜ ብቻ በተተኮሰ ቀለህ አትለካ። ገና ቻምበሩን ሙሉ በሙሉ አልሞላም፣ ያሳስትሃል።

ካሊፐር ካለህ ደግሞ ከአንገቱ የሰፋ፣ ከትከሻው ሥር የጠበበ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ የብረት ቀለበት ትከሻው ላይ አስቀምጠህ ከቀለበቱ ጀርባ እስከ ግርጌው ለካ። ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ የምትፈልገው ከዳይ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ነው። ያገለገለውን ፕራይመር (ግርጌው ላይ ያለውን ባሩዱን የሚያቀጣጥል ትንሽ ቆብ) ቀድመህ አውጣ፣ ወጣ ያለ ፕራይመር ልኩን ያበላሻል።

ሁለተኛው ጥያቄህ የቀበቶ ቀለህ የራሱ በሽታ ነው። ተራው ዳይ እስከ ቀበቶው ድረስ አይወርድም፣ አፉ ወደ ውጭ ዘመም ብሎ ስለሚሰፋ ከቀበቶው በላይ ያለችውን ጠባብ ቀለበት ሳይነካ ያልፋታል። እዚያ በየተኩሱ ትንሽ ትንሽ ያብጣል። ልክ ከቀበቶው በላይ ያለውን ስፋት በካሊፐር ለካና በቀላሉ ከሚጎርስ ቀለህ ጋር አወዳድር፤ ልዩነቱ እዚያ ከሆነ የሚያድነው ያችን ቦታ ጨብጦ የሚያጠብ፣ የተሰነጠቀ ቀለበት ያለው ዳይ ነው። ተራውን ዳይ የበለጠ ማውረድ መፍትሔ አይሆንም፣ ወደ ጋሼ ሩብ ዙር ይመልስሃል።

#4 እሳትና_ነሐስ

ግርጌው ቢተርፍም አንገቱ ቀድሞ የሚሰነጠቅባችሁ ካላችሁ፣ እሱ የማለስለስ ጉዳይ ነው። የቀለህ ነሐስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው። በተደጋጋሚ ሲነፋና ሲጠብ ይደነድናል፤ የደነደነ አንገት አረሩን አንዱን አጥብቆ ሌላውን ላላ አድርጎ ይይዛል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል።

ማለስለስ ማለት አንገቱንና ትከሻውን ብቻ ለጥቂት ሰከንድ ማሞቅ ነው። ቀለሁን በሚሽከረከር መያዣ ይዛችሁ የጋዝ ነበልባሉን ሰማያዊ ጫፍ አንገቱና ትከሻው መገናኛ ላይ አነጣጥሩ። ጨለምለም ባለ ክፍል ውስጥ ነሐሱ ደብዘዝ ያለ ቅላት ሊጀምር ሲል አውጡት። ደማቅ ብርቱካናማ ከሆነ ተቃጥሏል፤ ከመጠን በላይ የለሰለሰ አንገት አረር አይዝም፣ በሙቀትም መልሶ አይጠነክርም።

ግርጌው ፈጽሞ መሞቅ የለበትም። ሙሉውን ግፊት የሚሸከመው የግርጌው ጥንካሬ ነው። ምድጃ ውስጥ ሙሉውን ቀለህ "ለማለስለስ" የሚያስቡ ካሉ፣ የሚያዘጋጁት ፊታቸው ላይ የሚፈነዳ ነገር ነው። ቀለሙ ብቻ ለስንት ሰከንድ እንደሚበቃ ስለማያሳይ፣ በታወቀ ሙቀት የሚቀልጥ ቀለም ከትከሻው በታች ቀብታችሁ በ2 ወይም 3 በማይፈለግ ቀለህ ጊዜውን ቀድማችሁ አውጡ።

ሌላም ነገር፤ አሞኒያ ያለበትን የብረት ማጽጃ ለቀለህ አትጠቀሙ። ውጥረት ያለበት ነሐስ አሞኒያ ሲነካው ሳይተኮስ ይሰነጠቃል። የእንግሊዝ ጦር በህንድ ጥይቱን በፈረስ በረቶች አጠገብ ሲያከማች በዝናብ ወራት ቀለሁ እየተሰነጠቀ ያስቸግር ነበር፤ ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑ የተብራራው በ1921 ነው። የደረቀ የዋልነት ቅርፊት ዱቄት ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ ፍርፋሪ በሚንቀጠቀጥ ማጽጃ ውስጥ በቂ ነው። ከዚያ የሚነሳው አቧራ ግን የፕራይመር እርሳስ አለበት፣ ክዳኑን ቤት ውስጥ አትክፈቱ።

#5 ሩቅ_ዒላማ338

በማለስለሱ ላይ ትንሽ ልለይ። "በየ3 ወይም በየ4 ተኩሱ" አለስልስ የሚለውን የብዙ ሰው ልማድ ለአደን እቀበለዋለሁ። ለ1000 ሜትር ተኩስ ግን ወይ በየተኩሱ ነው ወይ ጨርሶ አይደለም። በየ3ኛው የምታለሰልስ ከሆነ በ1ኛውና በ3ኛው ዙር የትከሻው መመለስ ይለያያል፤ በአንድ የዳይ አቀማመጥ ሁለት ዓይነት ርዝመት ታገኛለህ፣ ከዚያ ዳዩን እየነካካህ ትኖራለህ። በየተኩሱ ካደረግከው ነሐሱ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይነሳል።

#6 እሳትና_ነሐስ

ትክክል ነህ፣ ለ338 ላፑዋ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። በነበልባል የሚሠራ ሰው በየተኩሱ ሲያደርገው ግን ስህተቱም በየተኩሱ ይደጋገማል። በጊዜ መቆጣጠሪያ የሚሠራ ማሽን ለሌለው በየ3ኛው የተሻለ ነው።

#7 ሚዛን_ጠባቂ

ወደ ባሩዱ እንምጣ። "ለ375 ከ300 ግሬን አረር ጋር ስንት ግሬን ልጨምር?" ተብሎ ይጠየቃል፤ ግሬን የክብደት መለኪያ ነው። ቁጥር አልጽፍም፣ ሌላው የጻፈውንም አትውሰዱ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የአረሩ ዓይነት፣ የቀለሁ ፋብሪካ፣ ፕራይመሩና የባሩዱ ምርት ቁጥር ከአራቱ አንዱ ሲቀየር ግፊቱ ይቀየራል። ቁጥሩ የሚወሰደው ከባሩዱ ወይም ከአረሩ አምራች የታተመ መጽሐፍ ነው፣ መነሻውን ያዙ። መጽሐፉ ከፍተኛውን ብቻ ከሰጠ 10 በመቶ ቀንሳችሁ ጀምሩ፤ በእነዚህ ትልልቅ ቀለሆች ከ0.5 እስከ 1 በመቶ እየጨመራችሁ ውጡ።

ከመነሻው በታች ደግሞ አትውረዱ። ርግጫው ከበዳቸው የተባሉ ሰዎች ዝግተኛ ባሩድ ቀንሰው ግማሽ ባዶ ቀለህ ይሞላሉ። ባሩዱ ተንጋልሎ ሲተኛ የፕራይመሩ እሳት ከላዩ ይሮጣል፣ አቀጣጠሉ ይዛባል፣ ግፊቱም ባልተጠበቀ ሁኔታ ሊያሻቅብ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት የተበታተኑ ጠመንጃዎች አሉ። ቀለል ያለ ጥይት የሚፈልግ ለዚያው ተብሎ በመጽሐፉ የተጻፈ ፈጣን ባሩድ ይፈልግ።

ልዩ ማስጠንቀቂያ ለሙሉ መዳብ አረር። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል በእኩል ክብደት አረሩ ይረዝማል፣ ወደ ባሩዱ ቦታ ይገባል። የእርሳስ አረርን ልክ ለመዳብ አረር አትጠቀሙ።

ቀለሁ ራሱም ይለያያል። የተተኮሰ ቀለህ ከነያገለገለው ፕራይመር መዝኑ፣ እስከ አፉ ውኃ ሞልታችሁ እንደገና መዝኑ፤ ልዩነቱ የውስጡ አቅም ነው። ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ብዙ ግሬን የሚለያይ ከሆነ አትቀላቅሏቸው። ወፍራም ግድግዳ ያለው ቀለህ ቦታው ስለሚጠብ በዚያው ባሩድ ግፊቱ ይጨምራል።

በጠረጴዛው ላይ አንድ ቆርቆሮ ባሩድ ብቻ ይኑር። ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይበራ፣ ከነፋስና ከሞባይል ይራቅ፣ በየ10 ቀለሁ በሚታወቅ ክብደት ይፈተን። 1 ግሬን 0.0648 ግራም ነው፤ ግሬንና ግራምን የሚቀያይረው ቁልፍ ሳይታወቅ ተነክቶ እንዳይሆን ማሳያውን እዩ።

50ውን ቀለህ በመደርደሪያው ላይ ሞልታችሁ አረር ከማስገባታችሁ በፊት በባትሪ ብርሃን ሁሉንም ከላይ እዩ። በእነዚህ ቀለሆች ሁለት ጊዜ ቢሞላ ይፈስሳልና ይታያል። የሚያመልጠው ጎደሎው ነው። ዘንግ ዘንግ ያለው ባሩድ ፈነሉ አንገት ላይ ይጋገርና አንዱ ቀለህ ጎድሎ ቀጣዩ ይሞላል። ባዶ ሆኖ ያለፈ ቀለህ ደግሞ በፕራይመሩ ጉልበት ብቻ አረሩን በርሜሉ መጀመሪያ ላይ ሊሰካው ይችላል። ድምፁ ደካማ የሆነ ተኩስ ካጋጠማችሁ ቀጣዩን አታጉርሱ፣ በርሜሉን ከኋላ አይታችሁ አረጋግጡ። በተዘጋ በርሜል የሚተኮሰው ሁለተኛው ጥይት ነው ጠመንጃውን የሚያፈነዳው።

#8 የሰደፍ_ጫና

ጥያቄ ስለ ክሪምፕ። ለ375 የቀለሁን አፍ በአረሩ ላይ መቆንጠጥ ግዴታ ነው ወይስ የአንገቱ ጥብቀት ይበቃል? 338 የሚሞሉ ሰዎች ክሪምፕ አያደርጉም።

#9 ጋሽ_ነሐስ

ሁለቱ የተለያየ ሥራ ነው ያላቸው።

ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይራገጣል፣ ካዝናው ውስጥ ያሉት ጥይቶች ግን ባሉበት መቆየት ይፈልጋሉ። ስለዚህ የካዝናው የፊት ግድግዳ መጥቶ የአረሩን አፍንጫ ይመታዋል። በእያንዳንዱ ተኩስ አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገፋል። በድርብ በርሜል ጠመንጃ ተቃራኒው ነው፤ ያልተተኮሰው ጥይት ቀለሁ ከጠመንጃው ጋር ወደ ኋላ ሲሄድ አረሩ ወደፊት ሊንሸራተት ይሞክራል።

የሚፈተነው እንዲህ ነው። ካዝናውን ሙሉ፣ የመጨረሻውን ጥይት ርዝመት በካሊፐር ለክተህ ጻፍ። ከላይ ያሉትን ተኩስ፣ ያችን አውጥተህ እንደገና ለካ። ከ0.1 ሚ.ሜ በላይ ካጠረች አያያዙ ደካማ ነው። ለአደን 375ና ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ እኔ ክሪምፕ አልተውም።

ክሪምፕ የሚደረገው አረሩ ወገብ ላይ ጎድጎድ ያለ ቀለበት ሲኖረው ነው። ጎድጓዳ በሌለው አረር ላይ አፉን በኃይል ማጠፍ አረሩን ያበላሻል፣ አንገቱንም ወደ ውጭ ያሳብጣል። ሁሉም ቀለህ እኩል መከርከም አለበት፤ 375 ከፍተኛው 72.39 ሚ.ሜ ነው፣ በ72.14 ከርክሙት። አንዱ ረዝሞ ሌላው ካጠረ ረጅሙ ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ አጭሩ አይያዝም።

አረር ማስገባቱንና ክሪምፑን በሁለት ዙር ሥሩ። በአንድ እንቅስቃሴ ከሠራችሁት አፉ መታጠፍ ሲጀምር አረሩ ገና እየወረደ ነው፤ አፉ ይጎትተዋል፣ ትከሻው ይጨማደዳል። በዐይን የማትታይ ጭምድድ እንኳ ትከሻውን ስለምታሰፋው ጥይቱ አልጎርስ ይላል። "ዳዬ ተበላሸ" ከሚሉት ቅሬታዎች ብዙዎቹ መነሻቸው ይሄ ነው።

አጠቃላይ ርዝመቱ ከ91.44 ሚ.ሜ እንዳያልፍ፤ ካዝናውም የሚያስገባው በዚያ ልክ ነው።

#10 ሩቅ_ዒላማ338

ለ338 ላፑዋ የማናደርገው ስለ ንቀት አይደለም። ቀበቶ የለውም፣ በትከሻው ነው የሚቆመው፣ ለዒላማ የሚተኩሰውም በአብዛኛው አንድ በአንድ ያጎርሳል። የምንፈልገው እኩል የአንገት ጥብቀት ነው፤ የቀለሁ አንገት ውስጠኛው ከአረሩ 0.05 ሚ.ሜ ቢጠብ ይበቃል። አንገቱን ከውስጥ የሚያሰፋው የዳዩ ኳስ ከአንገቱ ሲወጣ የሚጎትት ከሆነ የአንገቱን ውስጥ በደረቅ ግራፋይት አስነኩ፣ ወይም ኳሱን አውጥታችሁ አንገቱን በተለየ ሲሊንደር አስፉ። ሲጎትት አንገቱ ይጣመማል፤ የተሞላ ጥይት ሲሽከረከር የአረሩ ጫፍ ከ0.08 ሚ.ሜ በላይ ቢያወዛውዝ ምክንያቱን ከዚህ ጀምሩ።

ስለ ፍጥነት ልዩነት የምትጽፉትን እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። "በ5 ተኩስ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኔ (የፍጥነቱ መለዋወጥ ልክ) 4 ሜትር በሰከንድ ወጣ" ማለት ምንም ማለት አይደለም። በ5 ተኩስ 4 ከወጣ እውነተኛው በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ2.4 እስከ 11.5 መካከል ነው። በ20 ተኩስ 4 ከወጣ ከ3.0 እስከ 5.8 ይጠባል። ሁለት ሙሌቶችን በ5 በ5 ተኩስ አወዳድሮ "ይሄኛው ይሻላል" ማለት ሳንቲም እንደ መወርወር ነው።

ፍጥነት ለምን ያስጨንቃል? 300 ግሬን አረር በ825 ሜትር በሰከንድ ሲወጣ 10 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስ በ1000 ሜትር ላይ ሩብ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። በ300 ሜትር የማይታየው ነው እዚያ ወረቀቱን የሚያሳጣችሁ።

የሚዛኑን ነገር ግን አታጋንኑት። ባሩዱ 90 ግሬን አካባቢ ሲሆን 0.1 ግሬን ፍጥነቱን ከ1 ሜትር በሰከንድ በታች ነው የሚቀይረው። 0.02 ግሬን ለመለየት ሌሊቱን ከማሳለፍ የፕራይመሩን አቀማመጥ እኩል ማድረግ የበለጠ ይከፍላል። ፕራይመሩ ከግርጌው ፊት ከ0.08 እስከ 0.13 ሚ.ሜ ወደ ውስጥ ይግባ፣ ታችኛው እግሩ የቤቱን ወለል ይንካ። ወለሉን ያልነካ ፕራይመር የመርፌውን ምት ለራሱ መግቢያ ያውለዋል፣ ይዘገያል ወይም ይከሽፋል። ወጣ ብሎ የቀረ ደግሞ መቀርቀሪያው ሲዘጋ ሊፈነዳ ይችላል።

የአረሩን ጥልቀት መጀመሪያ በሰፊ እርምጃ ፈትኑ፤ ከበርሜሉ ጥምዝምዝ መስመር መነሻ 0.5፣ 1.0፣ 1.5 እና 2.0 ሚ.ሜ ርቆ። ብዙ የመዳብ አረሮች ከ1.3 ሚ.ሜ በላይ ርቀው ሲቀመጡ ይሻላሉ። መስመሩን ነክቶ የተቀመጠ አረር ግፊት ይጨምራል፤ እዚያ ለመድረስ የፈለገ ባሩዱን ቀንሶ እንደገና ይጀምር።

#11 ጀማሪ_አልሚ

ግፊት መብዛቱን በፕራይመሩ መጠፍጠፍ ማወቅ ይቻላል ይባላል። ጠፍጣፋ ካልሆነ መጨመር ይቻላል ማለት ነው?

#12 መቀርቀሪያ_416

አይደለም ወንድሜ፣ በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፕራይመር መጠፍጠፍ፣ መርፌው በመታበት ዙሪያ ነሐሱ ከንፈር ማውጣቱ፣ ግርጌው ላይ የቀለህ አውጪው ቀዳዳ ክብ ማኅተም መታየቱ፣ መቀርቀሪያው ሲከፈት መክበዱ፣ ሁሉም የሚታዩት ነሐሱ መሸነፍ ሲጀምር ነው። ነሐሱ የሚሸነፈው ደግሞ ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ ከወጣችሁ በኋላ ነው።

በአውሮፓው ደረጃ የ338 ላፑዋ ጣሪያ 420 ሜጋፓስካል፣ የ375 ደግሞ 430 ነው። የ416 ሪግቢ 325 ብቻ ነው። 416 በ1911 ሲሠራ ባሩዱ ኮርዳይት ነበር፣ ኮርዳይት በሙቀት ግፊቱ ስለሚንር ሰፊ ቀለህና ዝቅተኛ ግፊት ተመረጠለት። አሁን አስብ፤ በ416 ፕራይመሩ እስኪጠፈጠፍ ብትጠብቅ ከጣሪያው ከሩብ በላይ አልፈህ ሄደሃል። የድሮ ጠመንጃ ከሆነ ያን ለመሸከም አልተሠራም።

ስለዚህ ዋናው መለኪያ የአረሩን ፍጥነት የሚለካው ክሮኖግራፍ ነው። የመጽሐፉን ከፍተኛ ፍጥነት ካገኘህ፣ የበርሜል ርዝመት ልዩነቱን አስበህ፣ የመጽሐፉን ከፍተኛ ግፊትም አግኝተሃል። ባሩዱ ገና 2 ግሬን ቢቀረውም እዚያው ቁም። ፍጥነት ያለ ግፊት አይመጣም።

ምልክት ካየህ ግን ምልክቱ እውነት ነው። ያ ሙሌት ቀርቶ ቢያንስ 5 በመቶ ወርደህ ጀምር። አዲስ ፕራይመር ሲገባ እጅ ሳይሰማው ከተንሸራተተ የፕራይመሩ ቤት ሰፍቷል፣ ቀለሁም ያበቃል፤ ሲተኮስ በዚያ ያመለጠ ጋዝ በመቀርቀሪያው በኩል ወደ ዐይን ነው የሚመጣው። መነጽር ሳይደረግ አይተኮስ።

በርሜል ጫፍ ላይ የሚታሰር ክሮኖግራፍ ከሆነ ፍጥነቱን ብቻ ውሰድ፣ ጥይቶቹ ዒላማው ላይ ምን ያህል እንደተቀራረቡ አትመዝንበት። ክብደቱ የበርሜሉን ንዝረት ስለሚቀይር ጥይቱ የሚመታበት ቦታ ይዛወራል።

#13 ሚዛን_ጠባቂ

ከላይ የተባለው ላይ የሙቀቱን ልጨምር። በቀዝቃዛ ጠዋት በጣሪያው ላይ የቆመ ሙሌት በቀትር ፀሐይ ጣሪያውን ያልፋል። ቆላ ወርዶ የሚያድን ሰው ሙሌቱን በሚያድንበት ሙቀት ይፈትነው። ሙቀት የማይረብሻቸው ተብለው የሚሸጡ ባሩዶች ልዩነቱን ያጠብቡታል፣ አያጠፉትም። ጥይት በመኪና መስታወት ሥር አይቀመጥ፤ በሞቀ በርሜል ቻምበር ውስጥም ጥይት አጉርሶ መቆየት ይቅር፤ ባሩዱ የበርሜሉን ሙቀት ይወስዳል።

በቀለሁ ውስጥ ባሩድ የሚጨፈለቅባቸው ሙሌቶች ላይም ተጠንቀቁ። 458 ዊንቸስተር ማግነም በ1956 ሲወጣ ቀለሁ 63.5 ሚ.ሜ ብቻ ነበር፤ በውስጡ ተጠቅጥቆ የተጨፈለቀው ባሩድ ሲቆይ እየተጋገረ አንዳንዱ ጥይት ፍጥነቱ እንደሚወርድ ተደርሶበታል። ባሩዱን በኃይል ከመጨፍለቅ በረጅም ቱቦ ቀስ ብሎ ማፍሰስ በዚያው ቦታ የበለጠ ያስገባል።

#14 የሰደፍ_ጫና

ቀለህ ዳይ ውስጥ ተሰክቶ ቢቀርስ? ማንሻውን ስንጎትት የግርጌው ጠርዝ ብቻ ተቆርጦ ቢወጣ?

#15 ጋሽ_ነሐስ

አብዛኛውን ጊዜ ቅባት ስላነሰ ነው። በትልልቅ ቀለሆች ዳዩ የሚጨብጠው ቦታ ብዙ ስለሆነ ላኖሊን ያለበት ቅባት ገላውን በሙሉ በስሱ ይቀባ። ትከሻው ላይ ግን አታብዙ፤ የተጠራቀመ ቅባት ማምለጫ ሲያጣ ነሐሱን ወደ ውስጥ ያሰረጉደዋል።

ከተሰካ አትጎትቱት። የዳዩን የመሃል ዘንግ በሚቻለው ልክ ወደ ላይ አውጡ። የግርጌውን የእሳት ቀዳዳ በድሪል አስፉ፣ በጥርስ ማውጫ መሣሪያ ጥርስ አውጡለት። ብሎን ከወፍራም ዋሸርና ከአጭር የብረት ቱቦ ጋር አድርጋችሁ አስገቡ፤ ቱቦው ዳዩ ላይ ይደገፍ። ብሎኑን ስታጠብቁ ቀለሁ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቀለሁ ባዶ መሆኑን ሳታረጋግጡ፣ ማለትም ፕራይመር ያለበትን፣ በፍጹም አትቦርቡሩ።

#16 መቀርቀሪያ_416

ለአደን የተሞላውን ሁሉ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ በአንድ አጉርሱ። መቺ መርፌውን ከመቀርቀሪያው ፍታችሁ፣ አፈሙዙን ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ አድርጋችሁ። በእጅ ሳይሆን ከካዝናው፣ በሚታደንበት ፍጥነት። 20 ተሞልቶ አንዱ ቢከብድ ያ አንዱ ለልምምድ ይለይ። ከቻምበሩ ሲወጣም ርዝመቱን ለኩ፤ አረሩ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ጥምዝምዝ መስመሩ ይዞት ወጣ ካለ እዚሁ ይታወቃል።

ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፤ የባሩዱ ስምና ምርት ቁጥር፣ ክብደቱ፣ የአረሩ ዓይነትና ክብደት፣ ፕራይመሩ፣ የቀለሁ ፋብሪካና የስንተኛ ሙሌት መሆኑ፣ ጠቅላላ ርዝመቱ፣ የተሞላበት ቀን፣ የትኛው ጠመንጃ። ምርት ቁጥሩ ከተቀየረ ያው ባሩድ ቢሆንም 5 በመቶ ወርዳችሁ እንደገና ውጡ። ምን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ጽሑፉ የጠፋ ሳጥን ካለ አይተኮስም፤ አረሩ ተነቅሎ ቀለሁ ይቀመጣል፣ ባሩዱ ወደ ሌላ ቆርቆሮ ሳይመለስ ሜዳ ላይ በስሱ ተበትኖ ይወገዳል።

#17 ጀማሪ_አልሚ

ጋሼ፣ በሽቦው ከፈተሽኳቸው 40 ቀለሆች 11ዱ ላይ ጫፉ ይያዛል። ሁሉም ከአንድ ዙር ናቸው። የቀሩት 29ኙ ይተርፋሉ?

#18 ጋሽ_ነሐስ

አይተርፉም። በአንድ ዳይ አቀማመጥ እኩል ጊዜ የተሳቡ ናቸው፤ 11ዱ ዛሬ ታዩ፣ 29ኙ በሚቀጥለው ተኩስ ይታያሉ። 40ውንም ጨፍልቅና አዲሶቹን ከመጀመሪያው ተኩስ ጀምረህ በትከሻው ያዛቸው።